የክረምት የእግር ጉዞ በሐይቁ ዳር፦ ሽርሽር ነው? ቢሆንስ!



ዛሬ ስለ ወረቀት አልጽፍም። ስለ ኦፒኤም ቀጠሮ፣ ስለ መታወቂያ እድሳት፣ ስለ ኬዝ ቁጥር የጠየቃችሁኝ ጥቂት ታገሡኝ፤ ሰኞ እመለስበታለሁ። የዛሬው ስለ እግር ጉዞ ነው። በክረምት፣ በማለዳ፣ በሐይቅ ዳር ስለሚደረግ የእግር ጉዞ። «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አንብቡትና ከዚያ ስደቡኝ።

ነገሩን ያስነሳው ጫማዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካባላጋላ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አባት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማዬን አዩት።

«ከየት ነው ይሄን ሁሉ ጭቃ ተሸክመህ የመጣኸው?»

«ከጋባ ነው ጋሼ።»

«ታክሲ የለም እንዴ?»

«አለ። በእግሬ ፈልጌ ነው።»

«ምን ልትሠራ?»

«በሐይቁ ዳር ልሄድ።»

«ሄደህስ?»

«ተመለስኩ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሲኒውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ስደተኛ የሚሄደው ሊደርስ ነው። ዝም ብሎ መሄድ አገር ላለው ሰው ነው» አሉኝ።

በሰው ፊት ለእሳቸው መልስ መስጠት ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ይሄ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልመለስኩት መልስ ነው። ጋሼ፣ ልጅዎ ከስልኩ ላይ ካነበበልዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ክረምት ላንሳ። ለእኛ ለደገኞቹ ክረምት ማለት ቤት ማለት ነው። እሳት ዳር፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ዝናብ። በሐምሌ መንገድ የሚወጣ የቸገረው ብቻ ነው። ወንዙ ይሞላል፤ ማዶ ያለ ዘመድ እስከ መስከረም አይጠየቅም። «ከረመ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው፤ ክረምቱን ባለበት ተቀምጦ አሳለፈ እንደማለት። እስቲ ልብ በሉት፦ እኛ ካምፓላ ያለን ሰዎች ስንገናኝ «አለህ እንዴ? እዚሁ ከረምክ?» ነው የምንባባለው። አንዱ ስድስት ዓመት ከርሟል። አንዷ አሥራ አንድ ዓመት። ዝናቡ እስኪያባራ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ማለት ነው፤ ዝናቡ ግን ሰማይ ላይ ያለው አይደለም።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። የከተማዋ ስም ራሱ የዛሬውን ርእሴን ይዞታል፤ በእኛ አፍ ሐይቅም ባሕር ነው። እናቴ ግን በክረምት ወደ ጣና ዳር ድርሽ እንድንል አትፈቅድም ነበር። «ውሃው ከፍቷል» ትላለች። እውነቷን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የደጋውን አፈር እየጠረጉ ያመጡና ሐይቁ ቡና በወተት ይመስላል። ታንኳዎቹ ይቀንሳሉ። ከዘንባባዎቹ ሥር ያለው የእግር መንገድ ይረጥባል፤ ፎቶ አንሺዎቹ ይጠፋሉ፤ ሙሽራም የለም። እኔ ግን እየተደበቅኩ እሄድ ነበር። ለምን እንደምሄድ ያኔ አላውቅም። አሁን ሳስበው፣ ከተማው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ሐይቁ ለእኔ ብቻ የቀረ መስሎኝ ነው። ሰው በሌለበት ሐይቅ ዳር የሚሄድ ልጅ ማንም «የት ነው?» አይለውም።

ካምፓላ ስመጣ መጀመሪያ ያጣሁት ክረምትን ነው። እዚህ እኛ የምናውቀው ክረምት የለም። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ጎንደር በዝናብ ሲጠመቅ፣ አዲስ አበባ ሰማይ ሲጨልምባት፣ የካምፓላ ሐምሌ በአንጻሩ ደረቅ ነው። ግን ይቀዘቅዛል። ጠዋት ከሐይቁ በኩል ግራጫ ደመና ይዘረጋና ፀሐይዋ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ዓይኗን አትገልጥም። የቦዳ ልጆች የብርድ ጃኬታቸውን ያወጣሉ፤ እናቶች ሕፃናቱን በሹራብ ጠቅልለው ነው የሚያዝሏቸው። አሥራ ሰባት ዲግሪ ላይ! የደብረ ብርሃን ሰው ቢያይ ይስቃል። ለእግር ጉዞ ግን ከዚህ የተሻለ አየር ፈልጋችሁ አታገኙም። የክረምት ብርድና ጥላ አለው፤ ጎርፉ የለውም። እኔ ይሄን ወቅት «የስደት ክረምት» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከካንሳንጋ ጋባ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ባትቸኩሉ። ከዩኒቨርሲቲው በር ተነስታችሁ የጋባን መንገድ ይዛችሁ ቁልቁል ብቻ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስወጣ መንገዱ የሠራተኞች ነው፤ የጥበቃ ሠራተኞች ከሌሊት ፈረቃ ይመለሳሉ፣ የማትኬ ዘለላ ብስክሌት ላይ የጫኑ ሰዎች ዳገቱን ይገፋሉ። «ጄባሌኮ ሴቦ» ይሉኛል፤ ለሥራህ ምስጋና ይግባህ እንደማለት ነው። ሥራ እንደሌለኝ አያውቁም። እመልሳለሁ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። በዚህ ሰላምታ ውስጥ «የየት አገር ሰው ነህ?» የለም፣ «ስንት ዓመት ሆነህ?» የለም።

ቡንጋን አለፍ ስትሉ ነፋሱ ይለወጣል። ሐይቁ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። አልዋሻችሁም፣ ሁልጊዜ ጥሩ ሽታ አይደለም። የናኪቩቦ ቦይ የከተማውን ቆሻሻ ውሃ ይዞ የሚገባው ወደዚሁ የመርቺሰን ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የካምፓላ የመጠጥ ውሃም የሚቀዳውና የሚጣራው እዚሁ ጋባ ነው። አንዳንድ ቀን ዳር ዳሩ እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ይሆናል። ግን ቀና ብላችሁ አርቃችሁ ስታዩ ማዶ የለም። ጣና በሙላቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ይሄኛው ወደ 69,000 ይጠጋል። ሃያ ጣና ይውጣል። ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ተካፍለውት እንኳ አላለቀም። ባጋንዳዎቹ ናሉባሌ ይሉታል። ቪክቶሪያ የሚለውን የሰጠው በ1858 ከደቡብ በኩል ደርሶ ያየው እንግሊዛዊው ስፒክ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔ ናሉባሌ ማለቱን እመርጣለሁ።

ዳርቻው ላይ ደግሞ ደንገል አለ። ያው የእኛ ደንገል፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት! መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቆሜ ቀረሁ። እዚህ ታንኳ ሲሠሩበት አላየሁም፤ ምንጣፍ ይሠሩበታል፣ ጣሪያ ይከድኑበታል። ጀልባዎቹ የሳንቃ ናቸው፤ በሞተር ይሄዳሉ። አባ ኮዳም አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፦ ራሰ በራው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስለው ትልቅ ወፍ። እዚህ ካሎሊ ይሉታል። ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ሲበረብር ስታዩት ትጸየፉታላችሁ፤ በማለዳ ሐይቁ ዳር ክንፉን ዘርግቶ ሲቆም ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እኔ እንኳ ያው ነኝ ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። ቢሮ በር ላይ ተሰልፌ የምታዩኝና ጋባ ላይ የምታዩኝ አንድ ሰው አይደለንም።

እዚያ ምን እሠራለሁ? ምንም። ሙኬኔ የምትባለዋ ጣት የማታህል ዓሣ ተሰጥታ ስትደርቅ አያለሁ። ከደሴቶቹ የመጡ ጀልባዎች ሲራገፉ አያለሁ። አንድ ቻፓቲ ከእንቁላል ጋር ተጠቅልሎ፣ ሮሌክስ የሚሉትን፣ ገዝቼ ቆሜ እበላለሁ። ውሃው ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጂንጃ ላይ ዓባይ ሆኖ እንደሚወጣ አስባለሁ፤ ከዚያ ከጣና ከወጣው ወንድሙ ጋር ካርቱም ላይ ይገናኛል። እናቴ በክረምት እንዳልጠጋው የከለከለችኝ ውሃና እኔ አሁን በእግሬ የምጠጋው ውሃ መጨረሻቸው አንድ ነው። ይሄን ሳስብ የምትመጣዋን ስሜት ስም አላወጣሁላትም። ናፍቆት ብቻ አይደለችም። ከዚያ ተመልሼ ዳገቱን እወጣለሁ። ይሄው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

አንድ ወንድማችን አለ፤ ስሙን አልጠራም። ዘጠኝ ዓመት ካምፓላ ኖሯል። ኢንተርቪው ጨርሷል፣ ሕክምናውን ጨርሷል፣ የበረራ ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ የካቲት 2025። ጥር 20 አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ቀን የስደተኞችን ቅበላ የሚያቆም ትእዛዝ ፈረሙ፤ የተያዙ በረራዎች ሁሉ ተሰረዙ። የብዙዎቻችሁ ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። እሱ ግን ዕቃውን ሸጦ፣ ቤቱን ለቆ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ የጓደኛ ቤት ነበር የተቀመጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት አቆመ። ሻንጣውን አልፈታም። ልብስ እየጎተተ ያወጣል፣ መልሶ እያጠፈ ይከታል።

መጋቢት ላይ በግድ ይዤው ወጣሁ። ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ጭቃ በጭቃ ሆነን ጋባ ደረስን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጋባ መንገድ ላይ ኖሮ ሐይቁን አይቶ አያውቅም! ማመን አቃተኝ። «ምን ልሠራ እሄዳለሁ? የማልኖርበት አገር ነው» አለኝ። ከአንድ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጥን። ብዙ አላወራንም። አንድ ሕፃን አባ ኮዳውን ሲያባርር ወፉ ዞሮ ሕፃኑን አባረረው፤ እሱ ከልቡ ሳቀ። ፎቶ አነሳሁት።

ማታ ደወለ። «ያንን ፎቶ አጥፋው።»

«ለምን?»

«ደስ ብሎኝ እንዳልታይ። ነገ ኬዙ ተመልሶ ቢከፈት፣ ያየው ሰው 'ይሄማ እዚህ ተመችቶታል' ቢልስ?»

አጠፋሁት። ምን እላለሁ? ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወገኖቼ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ነው ያለነው። መከራችንን ማስረዳት ስለለመድን፣ ለመኖር የሚያስፈልገንን ወረቀት ያገኘነው መከራችንን በማስረዳት ስለሆነ፣ ሳቅ ማስረጃ የሚያፈርስ እየመሰለን ነው። ቅጹ ላይ ያለቀሰው ሰው ሐይቅ ዳር ሲስቅ እንዳይገኝ። እኔ ራሴ በዚህ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ የረሃብ፣ የእስር፣ የፖሊስ ታሪክ ጻፍኩ? መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጸጸትም። ግን ሰው ከዚያ ውጭ ምንም እንደሌለን ቢያስብ በከፊል ያስተማርነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት።

ማንም ሕግ ስደተኛ አዝኖ ይኑር አይልም። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ ኢትዮጵያም የድጋፍ ድምፅ የሰጠችበት፣ አንቀጽ 24 ላይ ዕረፍትና ትርፍ ጊዜ ለማንኛውም ሰው መብት ነው ይላል። «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው፤ ፓስፖርት ያለው አይልም። ኡጋንዳ ደግሞ በ2006 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የመዘዋወር ነጻነት ሰጥታናለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኬንያ ካኩማ ያሉ ወገኖቻችን ከካምፑ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ይለምናሉ። እኛ ማንንም ሳንጠይቅ ተነስተን ሐይቅ ዳር መሄድ እንችላለን፤ አንሄድም። ያለንን መብት ሳንጠቀምበት የሌለንን ስንጠብቅ ዕድሜያችን አለቀ። ስለ መብት ስልጠና ስንሰጥ ስለ መማር፣ ስለ መሥራት፣ ስለ መታከም እናወራለን። ስለ መንሸራሸር ግን ማንም አውርቶ አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

«ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እሺ። የቤት ኪራይ ሁለት ወር ያለፈበት ሰው፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣ ሰው፣ ሐይቅ እይ ሲሉት ቢቆጣ አልፈርድበትም። እግር ጉዞ ኪራይ አይከፍልም። ሐኪም የሚያስፈልገውን ሕመምም አያድንም፤ የባሰበት ወንድም ወይም እኅት ካላችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱ እንጂ «ሂድ ተንሸራሸር» አትበሉ። የእኔ ክርክር ጠባብ ናት፦ ቤት ውስጥ ተዘግቶ መጠበቅም ኪራይ አልከፈለም። ጋባ መሄጃው በእግር ነው፤ ሳንቲም አይጠይቅም። ካለችን ነገር ሁሉ በነጻ የቀረችው ምናልባት እሷ ናት።

በነጻ ማለቴን ግን ማስተካከል አለብኝ። ዳርቻው በነጻ የሚታይበት ቦታ እያነሰ ነው። ከጋባ ተነስቶ ውሃውን ሳይለቅ ወደ ሙንዮንዮ የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይቆይ ግንብ ይገጥመዋል። ግንብ፣ አጥር፣ በር፣ ዘበኛ። አንድ ቀን ከአንዱ በር ላይ ቆሜ፣ «ውሃውን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ» አልኩ። ዘበኛው አሥር ሺህ ሽልንግ ጠየቀኝ። የለኝም ስለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ታዲያ ውሃ ቤትህ የለም?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ ቤቴም ያን ቀን ውሃ አልነበረም።

የሚገርመው ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 237 ሐይቆችን፣ ወንዞችንና ረግረጋማ ቦታዎችን መንግሥት ለሕዝብ በአደራ እንደሚይዛቸው ይደነግጋል። በ2000 የወጣው የረግረግ፣ የወንዝና የሐይቅ ዳርቻዎች ደንብ ደግሞ እንደ ቪክቶሪያ ላሉ ትልልቅ ሐይቆች ከውሃው ዝቅተኛ ወሰን 200 ሜትር ድረስ የተጠበቀ ቀጠና ነው ይላል። ሁለት መቶ ሜትር! ሁለት የኳስ ሜዳ ርዝመት። አሁን ሄዳችሁ ለኩት። በ2020 ግንቦት ሐይቁ ራሱ መጥቶ ለካው፤ ከ1964ቱ ክብረ ወሰን አልፎ ሞላና ዳርቻው ላይ የተሠራውን ሁሉ ገባበት፤ አትክልት ስፍራውን፣ መዋኛውን፣ ቡና መጠጫውን። የድሆቹንም የዓሣ አጥማጆች ቤት አልማረም፤ ስለዚህ ደስ አላለኝም። ግን ማንም ያላስከበረውን ደንብ ውሃ ሲያስከብረው ማየት የሚያስተምር ነገር ነበረው።

እዚህ ላይ ኡጋንዳን ብቻ እንዳንወቅስ። ቢሾፍቱ የሄደ ያውቃል፤ ሆራንም ባቦጋያንም በዙሪያቸው ካሉት ቤቶች ቡና ሳትገዛ ከቅርብ የምታይበት ቀዳዳ ፈልገህ ነው የምታገኘው። በአንጻሩ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጫማ አሳማሪውም ባለሀብቱም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ የባሕር ዳሩም የሐይቅ ዳር መንገድ እንደዚያው ነበር እኔ ሳለሁ። ከተማ ሀብታም ስለሆነ አይደለም ይሄ የሚሆነው። ዳርቻውን ለእግረኛ ለመተው የወሰነ ሰው ስለነበረ ነው። የካምፓላ ዳርቻ ጉዳይ የዜጎቹ ጉዳይ ነው፣ እንግዳ ምን አገባው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔ ግን ያገባኛል ባይ ነኝ። እዚህ ግብር ያለበትን ዘይትና ሳሙና እንገዛለን፣ እዚህ ልጆቻችን ይወለዳሉ። ጋባ ላይ የአካባቢው ወጣቶች ለዳርቻው ሲሟገቱ ባገኛቸው ከኋላ እቆማለሁ። ከፊት አይደለም፤ ከኋላ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ደግሞ ጥቂት ነገር ልበላችሁ፤ በተለይ እኅቶቼ። በጨለማ አትሂዱ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ክረምት ከበጋ አይለይም። ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ በመንገዱ ጠርዝ አትሂዱ፤ በቦዳ የሚነጥቁ አሉ። እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ከቀንድ አውጣው የሚመጣው። ጀልባ ላይ «ኑ እናዙራችሁ» ቢሏችሁ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ካላያችሁ እንቢ በሉ። በ2018 ኅዳር ሙኮኖ ዳርቻ የሽርሽር ጀልባ ሰጥማ ከ30 በላይ ሰው እንደሞተ አትርሱ። ሐይቁ በዚህ ወቅት ከደቡብ በሚመጣ ነፋስ ይናወጣል፤ ከዳር ሆኖ ማየት ነው የሚያምረው። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ የሐይቅ ዝንብ እንደ ጢስ ተነስቶ ይመጣል። አይናከስም፤ አፋችሁን ብቻ ዝጉ። ለብዙዎቻችን ይሄ ከባዱ ክፍል ነው።

ያ ወንድማችን አሁን በየሳምንቱ ይመጣል። ኬዙ ያው ነው፤ አዲስ ነገር የለም። ሻንጣውን ግን ፈትቷል፤ ልብሱን ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ፎቶ እንዳነሳው እስከ ዛሬ አልፈቀደም። እኔም አልጠይቀውም።

ቅዳሜ የምንሄደው ከካንሳንጋ ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ተነስተን ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት። ስለ ሰዓቱ አትጨነቁ፤ ባጋንዳዎቹም እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፣ «ሳዋ ኤሙ» ካላችኋቸው አንድ ሰዓት ማለት ነው። ጃኬትና የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፣ ውሃ ያዙ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ እንቁላሉን ትተን ባዶ ቻፓቲ እንበላለን። ልጆች ይምጡ። ስለ ኬዝ ማውራት የሚፈቀደው ከቡንጋ በፊት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያነሳ ሰው ለሁላችንም ሻይ ይገዛል።

ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ። የመመለሻውን ቦዳ እኔ እከፍላለሁ። መሄጃው ግን በእግር ነው፤ ቁልቁለት ነው፣ ቀስ እንላለን።